በወንድሜ ፋይል ውስጥ ስላለው የእኔ ደም

ለክቡር የፋብሪካችን የሠራተኞች ጤናና ደህንነት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ሰባት የደም ምርመራ ውጤቶች

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። ለወግ ያህል የምለው አይደለም። በየማለዳው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ሲወጡ በመዝገብ ቤቱ መስኮት አይዎታለሁ፤ ፊትዎ ላይ ደም አለ፣ ትንፋሽዎ አይቆራረጥም፣ የበሩን ቁልፍ ሲያስገቡ እጅዎ አይንቀጠቀጥም። እነዚህ ነገሮች ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆኑ በቅርቡ ስለተማርኩ፣ እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ አብረውዎት እንዲኖሩ ከልቤ እመኛለሁ። ቢሮዎ ከማቅለጫው ርቆ፣ ጭሱ በማይነፍስበት ወገን መሠራቱም አርቆ አሳቢነት ነው።

እኔን ያውቁኛል። ከቢሮዎ ሁለት በር አልፎ ያለሁት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤዎችዎን ቁጥር እየሰጠሁ አሳልፌያለሁ፤ ራሴ ስጽፍልዎ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በግልጽ መጻፌና በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ ድፍረት ከመሰለብዎ፣ ድፍረት አይደለም። ለብቻዎ ብጽፍልዎ ደብዳቤው ዞሮ ወደ መዝገብ ቤት ይመጣና እኔው ፋይል አደርገዋለሁ። ፋይል የተደረገ ነገር ምን እንደሚሆን ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በአጭሩ ልናገርና ልገላገል።

በቁጥር 212 ፋይል ውስጥ ያሉት ሰባት የደም ምርመራ ውጤቶች የወንድሜ አይደሉም። የእኔ ናቸው።

ይህችን ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። አሁን ተጽፋ ሳያት ትንሽ ናት።

ሰሌዳው ፊት የሚቆም እንግዳ ቢኖር እንዲገባው ያህል ሥራችንን ላስረዳ። ፋብሪካችን ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን ይሰብርና በውስጣቸው ያለውን እርሳስ አቅልጦ መልሶ ይሸጣል። ታላቅ ወንድሜ ማቅለጫው ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። የቀለጠውን እርሳስ በረጅም ጭልፋ እየቀዳ ወደ ቅርጹ ያፈሳል። ባልደረቦቹ ‘ጠብታ’ ይሉታል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ሲያንጠባጥብ ታይቶ ስለማያውቅ። ጭሱን ሲተነፍስ፣ ብናኙ ጢሙና ቱታው ላይ ሲያርፍ፣ በዚያው እጁ ዳቦ ሲቆርስ፣ እርሳሱ ወደ ደሙ ይገባል። ስለዚህ የማቅለጫ ሠራተኛ ሁሉ በየጊዜው ደሙ ይመረመራል፤ ውጤቱ ከወሰኑ ያለፈ ሰው ከማቅለጫው ወጥቶ ደሙ እስኪጠራ ድረስ ግቢ ይጠርጋል። ደንቡ ይህ ነው። ጥሩ ደንብ ነው። አቃፊ ውስጥ ያስገባሁት ራሴ ነኝ።

ግቢውን ግን ሠራተኞቹ ‘ጡረታ’ ይሉታል። ከአራት ዓመት በፊት ወንድሜ ሁለት ወር መጥረጊያ ይዞ ሲዞር፣ የማቅለጫው ሰዎች በመስኮት አንገታቸውን እያወጡ ‘አባባ፣ እዚህ ጋ አንድ ቅጠል ቀርቶብዎታል!’ እያሉ ይጮኹበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ቤቱ ሲገባ ግን ከማንም ጋር አይነጋገርም ነበር።

የሚቀጥለው ምርመራ ሲቃረብ በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት መጣ። ወንበሩን እንዳያቆሽሽ ጠርዙ ላይ ብቻ ተቀመጠ። ‘ስማ፣ ክንድህን ታበድረኛለህ?’ አለኝ። የምሸከምለት ዕቃ ያለው መስሎኝ ‘ምን ልያዝልህ ጋሼ?’ አልኩት። ‘መርፌ’ አለኝ። ቀጥሎም ‘አንተ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ነው የምትነካው፤ ደምህ ንጹህ ነው። ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ነን፤ የአንተም የእኔም ያው ነው፣ ማን ይለየዋል?’ አለ። አባታችን ሲሞት እኔ እንድማር ብሎ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ባትሪ መስበር የጀመረ ሰው ነው። ይህንን አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም። ያን ቀንም አላነሳውም። ማንሳት አላስፈለገውም።

እጅጌዬን ጠቀለልኩ።

ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለማንም አላካፍለውም። ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና ብቻ ነው። ቁጥር መስጠት ሥራዬ ስለሆነ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ፦ ምርመራው የሚደረግበትን ቀን ሁልጊዜ ከሦስት ሳምንት በፊት በማስታወቂያ ስለሚያሳውቁን አመሰግናለሁ። ድንገት ቢሆን ኖሮ ሰው በገዛ ደሙ ይያዝ ነበር። በእርስዎ አሳቢነት ግን አንዳንዱ የዓመት ፈቃዱን ይወስዳል፣ ማቅለጫው ‘ለጥገና’ ይቆማል፣ ወለሉ በውሃ ይታጠባል፣ አዳዲስ ጓንቶች ከመጋዘን ይወጣሉ፤ በሦስተኛው ቀንም ተመልሰው ይገባሉ፤ የመውጫውም የመግቢያውም ወረቀት እኔ ዘንድ አለ። ክንድ የሚያስፈልገውም ክንድ ይፈልጋል። በዚያ ቀን ወደ ክሊኒኩ የሚወስደው መተላለፊያ በሾፌር፣ በአትክልተኛና በጸሐፊ ይሞላል፤ እሳት ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ግን በመብራት ቢፈለግ አይገኝበትም።

፪ኛ፦ የክሊኒካችንን ሲስተር ስለ ትዕግሥቷ ያመስግኑልኝ። ሠራተኛውን የምትጠራው በቁጥር ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ከፊቱ ጋር ማስተያየት በሥራ ዝርዝሯ ውስጥ አልተጻፈም፤ ዝርዝሩን አንብቤዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ላስቲኩን ክንዴ ላይ እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ ‘ዛሬ ደግሞ ማንን ሆነህ መጣህ?’ አለችኝ። ‘ያው ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን’ አልኳት። ‘ጎበዝ! ያንተ ደም ሥር እንዴት ደስ ይላል፤ ሁለት መቶ ዘጠኝን ሆኖ የሚመጣው ሾፌር ግን አበሳዬን ነው የሚያሳየኝ’ አለች። ሳቅን። መርፌውን ብዙም አላስታውሰውም። የማልረሳው መሳቄን ነው።

፫ኛ፦ ስለ ቀልድዎ አመሰግናለሁ። ምናልባት ረስተውት ይሆናል። አምስተኛው ምርመራ ነበር፤ ከክሊኒኩ ስወጣ ጥጥ ክንዴ ላይ ተጭኜ በሩ ላይ ተገናኘን። ‘አንተም ታመህ ነው?’ አሉኝ። ደንግጬ ‘ዓይኔን ልታይ መጥቼ ነው’ አልኩ። ጥጡን አዩት። ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን የወንድሜን መታወቂያም አዩት፤ በደንብ አዩት፤ ዓይንዎ ሲያርፍበት አይቻለሁ። ከዚያ ‘ዓይንህ ክንድህ ላይ ወርዷል እንዴ?’ ብለው ከት ብለው ሳቁ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አለፉ። ያን ቀን ቢቆጡኝ ኖሮ እያልኩ እንደማስብ ቢያውቁ ምን ይሉ ይሆን? አንድ ቁጣ። ሠራተኛ ሁሉ የሚፈራው የእርስዎ ቁጣ ለአንድ ደቂቃ ቢታዘዝልኝ ኖሮ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፋብሪካችን ስለ ሠራተኞቹ ደም ጥራት የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ወርቃማ ክፈፍ ያለው። ሁለት ሦስት ማንኪያ ያህሉ የእኔ ነው።

፬ኛ፦ ስለ ወተቱ። ለእያንዳንዱ የማቅለጫ ሠራተኛ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጣል። ‘ወተት እርሳስን ከደም ያጥባል’ ብለው በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ሲናገሩ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ከሥሩም ‘በጭብጨባ ተደገፈ’ ብዬ ጽፌያለሁ። በኋላ ይህንን ለሐኪም ስነግራት ‘ወተት ለጥጃ በጣም ጥሩ ነው’ አለችኝ።

፭ኛ።

አምስተኛውን ጀምሬ ተውኩት። ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር መስጠት አልቻልኩም።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ይገረጣ ጀመር። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ቀጥሎ የጥፍሩ ሥር፣ ከዚያ የዓይኑ ቆብ ውስጡ። እሳት ፊት የሚውል ሰው ፊቱ ኖራ መሰለ። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለመድረስ ሁለት ቦታ ያርፋል። ሆዱን ሲቆርጠው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ጎንበስ ይልና ‘ነፋስ ነው፣ ተዉኝ’ ይላል። ክሊኒካችን ደሙን ለክቶ አነስተኛ ሆኖ አገኘው፤ ካርዱ ላይ ‘ደም ማነስ፤ ምክንያት፦ የአመጋገብ ጉድለት’ ተብሎ ተጻፈ፤ የብረት ክኒንም ታዘዘለት። እርሳስን ማን ይጠርጥር? የእርሳሱ ውጤት ፋይሉ ውስጥ አለ፤ አራት፣ ሦስት፣ አራት፣ አንድ ጊዜ አምስት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እርሳስ ሲተነፍስ የኖረ ሰው ደሙ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ደም ሲጠራ የገረመው አልነበረም። ወይም የገረመው ሰው ፊርማውን አኑሮ አልፏል።

‘የአመጋገብ ጉድለት’ የሚለውን ያነበበችው ሚስቱ ናት። እትዬ ነው የምላት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ‘እኔ ቤት ይህ ሰው ይራባል ማለታቸው ነው?’ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉበት፣ ቀይ ሥር፣ ምስር፣ ቅጠላ ቅጠል፤ ከራሷ ሳህን እየቀነሰች ወደ እሱ ሳህን። ጎረቤት ‘ባሏን አመነመነችው’ ማለት ሲጀምር እሷም ሰምታለች፣ እኔም ሰምቻለሁ። እሑድ እሑድ እዚያ ነበር የምበላው። ‘አንተ እንኳን ንገረው እንጂ፣ ይብላ’ ትለኛለች። ‘ጋሼ፣ ብላ እንጂ’ እለዋለሁ። እሱ ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ ሳህኔን አያለሁ። ስምንት ወር በዚህ ዓይነት በላሁ።

ባለፈው ወር ጭልፋውን እንደያዘ ወደቀ። ደግነቱ ጭልፋው ባዶ ነበር። ሆስፒታል ሲወሰድ ደሙ ሊኖረው ከሚገባው ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘና ደም ይሰጠው ተባለ፤ የቀድሞ የሕክምና ታሪኩም ከፋብሪካው ተጠየቀ። ፋይሉን ፎቶ ኮፒ አድርጎ፣ ‘ከዋናው ጋር ተመሳክሯል’ የሚለውን ማኅተም መትቶ ይዞ የሄደው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትዎም።

እኔና እትዬ መተላለፊያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ፋይሉን ይዛ ወጣች። ‘የዚህ ሰው ቤተሰብ እናንተ ናችሁ? ፋይሉ የደም ዓይነቱ ቢ ነው ይላል፤ እኔ ከክንዱ የቀዳሁት ኦ ነው። ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ሰውዬው ሁለት ሰው ነው እንዴ?’ አለች። የደም ዓይነቱ ኦ ለሆነ ሰው የቢ ደም ቢሰጠው ሊገድለው እንደሚችል ያወቅሁት በኋላ ነው። ወንድማማቾችም የተለያየ የደም ዓይነት ሊኖራቸው እንደሚችል እንዲሁ። ወንድሜን ያተረፈችው ይህች ሴት ናት፤ ያተረፈችውም ማኅተሜን ስላላመነች ነው።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። ‘አንተ አይደለህ እንዴ መዝገብ ቤት? ምን ሆኖ ነው?’

ቢ የእኔ ነው። ኪሴ ውስጥ ባለው መታወቂያዬ ጀርባ ላይ ተጽፏል።

‘የጽሕፈት ስህተት ይሆናል፣ እትዬ’ አልኩ።

‘ይሆናል’ አለች። አመነችኝ።

ከዚያም በኋላ አራት ቀን ዝም አልኩ። ከሥራ መባረርን ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። የፈራሁት እትዬ ስትሰማ ፊቷ የሚሆነውን ነው። በእነዚያ አራት ቀናት ሐኪሞቹ የሚደማ ቁስል ፍለጋ ጨጓራውን በካሜራ አዩ፣ አንጀቱን አዩ፤ የሌለ ነገር ሲፈልጉ እኔ ብርቱካን ይዤለት እመላለስ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ለምታክመው ሐኪም ነገርኳት። ‘ስንት ጊዜ?’ አለችኝ። ‘ሰባት’ አልኳት። ጻፈችው፤ ከሥሩም አሰመረችበት። ወዲያው የራሱን ደም አስወስዳ አስመረመረች። እርሳሱ ሰማንያ ስድስት። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ጋ ወስዳ እንዳይ አደረገችኝ፤ የገረጡ ክብ ሕዋሳት፣ አንዳንዶቹ በብዕር ጫፍ የተነቆጡ ይመስል ሰማያዊ ነጠብጣብ የሞላባቸው። እርሳስ ወደ ሰውነት ሲገባ፣ ብላ አስረዳችኝ፣ ደምን ደም የሚያደርገው ቀይ ነገር እንዳይሠራ ያሰናክላል፤ ወንድሜ ብረት አላነሰውም፣ ብረቱ የሚገባበትን ቦታ ነው ያጣው፤ ስለዚህ ክኒኑም ጉበቱም ሊያድኑት አይችሉም ነበር። የተሠሩት ሕዋሳትም ዕድሜያቸው ሳይደርስ ይሞታሉ። የቀረው እርሳስ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጥና ቀስ እያለ ወደ ደም ይመለሳል። አዋቂ ሰው ለረጅም ጊዜ ‘ደክሞኛል’ ከማለት በቀር ሌላ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ‘ምርመራው ያስፈለገውም ለዚሁ ነው፤ ሰውየው ሳይሰማው ደሙ አስቀድሞ እንዲናገር’ አለችኝ።

እኔ ሰባት ጊዜ በእሱ ቦታ ተናገርኩ።

መድኃኒት ተሰጥቶት እርሳሱ በከፊል ከደሙ ወጣ። ሆስፒታሉም ወንድሜ ከእንግዲህ ማቅለጫ አጠገብ እንዳይደርስ፣ ቢመለስ ከበፊቱ የባሰ አደጋ እንደሚያገኘው ጠቅሶ ጻፈልዎ። መልስዎ በእኔ እጅ አለፈ፤ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። ‘የሆስፒታሉ ውጤት ከፋብሪካው ሰባት ተከታታይ ውጤቶች ጋር የማይጣጣም ሆኖ በመገኘቱ ተቀባይነት የለውም፤ ስለሆነም ሠራተኛው ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ በመደበኛ የሥራ ቦታው ላይ እንዲገኝ’ ይላል። የደብዳቤ አጻጻፍዎ ሁልጊዜም ያምራል፤ አንዲት ቃል አይባክንም።

ሰባት ተከታታይ ውጤቶች። ክቡር ሆይ፣ እነሱ እኔ ነኝ። ወንድሜን ወደ እሳቱ እየመለሱት ያሉት በእኔ ክንድ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው። ሰባቱን ውጤቶች ይሰርዙልኝ፤ መልስዎንም ከሰኞ በፊት ያንሱልኝ። ማስረጃ ከፈለጉ በፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሲስተር የእኔን ደም መርምራ በእጅ ጽሕፈቷ ቢ ብላለች፤ ከሆስፒታሉ ወረቀት ጋር ያስተያዩት። የሰው የደም ዓይነት በደረጃ ዕድገትም ሆነ በዝውውር አይለወጥም። የቀሩት የማቅለጫ ሰዎችም ያለ ማስታወቂያ፣ በገዛ ክንዳቸው ይመርመሩ፤ ስንቶቹ እንደ ወንድሜ እንደሆኑ አላውቅም፣ አለማወቄም ያስፈራኛል። ስለ እኔ አይጨነቁ። የስንብት ደብዳቤዬን ሲያዘጋጁ ቁጥሩን ራሴ እሰጠዋለሁ፣ ተራው የትኛው ላይ እንደደረሰ የማውቀው እኔ ነኝና።

ቤተሰባችን ምን አለ ብለው ለመጠየቅ ደግ ልብ ካለዎት፦ ወንድሜ ለሐኪሟ መናገሬን ሲሰማ ‘እኔ የተበደርኩህ ክንድህን ነው፤ ምላስህን ማን ጠየቀህ?’ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምክሬን አይሰማም። እትዬም ሰምታለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ባለፈው እሑድ ስሄድ እንደ ወትሮው ሳህን አቀረበችልኝ። አሥራ አራት ዓመት ‘አንተ’ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ ሳህኑን ፊቴ አስቀምጣ፣ ‘ይብሉ’ አለችኝ።

ክቡርነትዎ ይህንን ረጅም ጽሑፍ ቆመው ስላነበቡ እያመሰገንኩ፣ በፍጹም አክብሮት፣ በሰባት ጠርሙስ በተፈተነ ታማኝነትና ከዚያ ሁሉ በሚበልጥ እፍረት እጅ እነሣለሁ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፤
በመምሪያዎ ሰነድ ግን ቁጥር 212

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ
ለማቅለጫ ክፍል ሠራተኞች
ለእትዬ
ለመዝገብ ቤት (ፋይል እንዳይደረግ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንድሜ ሰኞ ሊመጣ ነው። የእጁ አንጓ እየወደቀ አልታዘዝ ስላለው የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እትዬ ናት፤ እምቢ ብትለው ሳይቆለፍ ይመጣል። እኔ ለመንኩት፤ ሐኪሟ ደወለችለት፤ እትዬ በሩን ዘግታ ቆመች። ለሁላችንም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ደብዳቤዎን ከደረት ኪሱ ያወጣና ‘ይኸው፣ ደህና ነህ ብለው ጽፈውልኛል፤ ከእነሱ እናንተ ታውቃላችሁ?’ ይለናል። እስከ ሰኞ አዲስ ደብዳቤ ለማዘጋጀት ጊዜ ካጠረዎ፣ ማለዳ በሩ ላይ ይቁሙና ‘ተመለስ’ ይበሉት። በዓለም ላይ ካለነው ሰዎች ሁሉ የሚያምነው እርስዎን ብቻ ነው።